«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን መጽሐፉን ሳያነቡ ለሚጀምሩ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ተከታታይ ድራማ ካለቀ ዓመታት ቢያልፉም አዲስ የሚጀምረው ሰው ዛሬም አልጠፋም። ጀማሪው ታዲያ ብዙውን ጊዜ እያመነታ ነው የሚመጣው፤ መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ ስሙ ብዙ ነው፣ ወዳጅ ዘመዱ ደግሞ አይቶ ጨርሶ፣ ተከራክሮም ሰልችቶታል። የሚከተሉት መልሶች የተጻፉት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ከመጀመሪያው ክፍል ወዲያ ማን እንደሚሞትና ማን ዙፋን ላይ እንደሚወጣ አንዲት ቃል ስለማልተነፍስ ሳትሰጉ አንብቡ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉን ሳላነብ ብጀምር ታሪኩ ይገባኛል?

ይገባችኋል። እንዲያውም ድራማው የተስተካከለው ላላነበበ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ዴቪድ ቤኒዮፍና ዲ. ቢ. ዋይስ የጆርጅ አር. አር. ማርቲንን ልብ ወለድ ለኤችቢኦ ቴሌቪዥን ሲያዘጋጁ የሙከራውን ክፍል በ2009 ቀርጸው ለጥቂት የሙያ ጓደኞቻቸው አሳዩ። ጓደኞቻቸው ፊልም የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ንግሥት ሰርሲና ጄሚ የተባለው ባለ ወርቃማ ጸጉር ፈረሰኛ ወንድምና እህት መሆናቸውን አንዳቸውም ሳይረዱ ፊልሙ አለቀ። ይህን ያልተረዳ ሰው ደግሞ የቀረውን ሊረዳ አይችልም። ክፍሉ ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ተቀረጸ፤ አንዳንድ ተዋንያንም ተቀየሩ።

በኤፕሪል 2011 ለሕዝብ የቀረበውን ክፍል ልብ ብላችሁ ብታዩ የዚያን ድንጋጤ አሻራ ታገኛላችሁ። ጄሚ ከእህቱ ጋር ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነጋገር «እንደ ወንድምነቴ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ጥቂት ቆይቶ የንጉሡ አጀብ የስታርክ ቤተሰብ መኖሪያ ወደሆነው ዊንተርፌል ሲገባ የቤቱ ልጅ ትንሿ አርያ ለታላቅ እህቷ «ያ ጄሚ ላኒስተር ነው፣ የንግሥቲቱ መንታ ወንድም» ትላታለች፤ እህቷም ተቆጥታ ዝም በይ ትላለች። ልጅቷ የምትናገረው ለእህቷ ይምሰል እንጂ ለእናንተ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ማወቅ ያለብኝ የኋላ ታሪክ አለ?

ድራማው ራሱ ቀስ በቀስ ይነግራችኋል፤ ለመንደርደሪያ ግን ይህ ይበቃል። ዌስተሮስ በሚባል አህጉር ሰባት ግዛቶች በአንድ ዙፋን ሥር ይተዳደራሉ። አገሩን በድራጎን ኃይል የያዙት ታርጋርየኖች ነበሩ። የመጨረሻው ንጉሣቸው አእምሮውን ስቶ ሰው በእሳት ማቃጠል ሲጀምር ባላባቶች ሸፈቱበት፤ ይህ የሆነው ታሪኩ ከመጀመሩ 17 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። የአመፁ መሪ ሮበርት ባራቲየን ነገሠ። ንጉሡን የገደለው ግን ሊጠብቀው የማለው የራሱ ዘበኛ፣ ከላይ የጠቀስነው ጄሚ ነው። ከሟቹ ቤተሰብ የተረፉ ሁለት ልጆች ባሕር ተሻግረው ተሰደዱ። ሮበርት የሀብታሞቹን የላኒስተሮች ልጅ ሰርሲን አገባ፤ የልብ ወዳጁ ኔድ ስታርክ ደግሞ ወደ ቀዝቃዛው ሰሜን፣ ወደ ርስቱ ተመለሰ። ድራማው የሚጀምረው ንጉሡ ለዚያ ወዳጁ ያልተፈለገ ሹመት ይዞለት ሲመጣ ነው።

የቀረውን፣ ለምሳሌ በጋና ክረምት ለዓመታት እንደሚዘልቁ፣ በሰሜን ጫፍ ያለው 700 ጫማ ከፍታ ያለው የበረዶ ግንብ ሕዝቡን ከምን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ አለማወቅ ጉዳት የለውም። ከታሪኩ ሰዎችም አብዛኞቹ በውል አያውቁትም።

ስሞቹ ይምታቱብኛል። ምን ይሻላል?

ታላላቆቹ ቤተሰቦች ዘጠኝ ናቸው፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ክፍሎች ግን አራቱን ብትይዙ ይበቃል፦ ስታርክ፣ ላኒስተር፣ ባራቲየን፣ ታርጋርየን። አርማቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው ግዙፍ ተኩላ፣ አንበሳ፣ ባለ ቀንድ አጋዘንና ባለ ሦስት ራስ ድራጎን ነው። ስታርኮች ወፍራም የቆዳ ካባ ለብሰው ታገኟቸዋላችሁ። የላኒስተሮች ጸጉር ወርቃማ፣ የታርጋርየኖች እንደ ብር የነጣ ነው። ጸጉሩን ጠበቅ አድርጋችሁ አስተውሉ፤ ለምን እንደሆነ አልናገርም።

የዘመነ መሳፍንትን ታሪክ ያነበበ ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ ከብዙው ዓለም ተመልካች ይልቅ ይቀለዋል። ጎንደር ላይ ስም ብቻ የቀረው ንጉሥ ተቀምጦ የየጁው፣ የትግሬው፣ የሰሜኑና የጎጃሙ ባላባት ዛሬ በጋብቻ ሲተሳሰር፣ ነገ ጦር ሲማዘዝ የኖረበትን ዘመን ለሚያውቅ ሰው ጋብቻ የፖለቲካ ውል መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። መያዣ ተደርጎ በባላንጣ ቤት ያደገ ልጅ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖርም እንዲሁ። ቴዎን ግሬይጆይ የሚባለው ወጣት በስታርኮች ግቢ ምን እንደሚሠራ ግራ ሲገባችሁ ይህን አስቡ።

ስለሚመሳሰሉት ስሞች፦ ሮበርት ንጉሡ ነው፤ ሮብ የኔድ የበኩር ልጅ ነው፤ ሮቢን ደግሞ ወደ ኋላ የሚመጣ ሕመምተኛ ልጅ ነው። በመጽሐፉ የዚህ ልጅም ስም ሮበርት ነበር፤ አዘጋጆቹ ለእናንተ አዝነው ቀየሩት። በመጽሐፉ አሻ የተባለችውንም ሴት ኦሻ ከምትባል ሌላ ሴት ጋር እንዳትምታታ ብለው ያራ አሏት። ብራንና ብሮንን ግን እንዳሉ ትተዋቸዋል፤ አንዱ የኔድ ትንሽ ልጅ፣ ሌላው ገንዘብ ለከፈለው የሚዋጋ ቅጥረኛ ነው።

ጆን ስኖው በአባቱ በኔድ ስም የማይጠራው ከጋብቻ ውጭ ስለተወለደ ነው። እንዲህ ላለ የባላባት ልጅ የሚሰጠው መጠሪያ በየግዛቱ የታወቀ ነው፤ በሰሜን ስኖው፣ በወንዞቹ አገር ሪቨርስ፣ በደቡብ በዶርን ሳንድ ይባላል። ስሙን የሰማ ሁሉ ሳይጠይቅ ልደቱን ያውቃል ማለት ነው፤ ጆን ለምን እንደዚያ ኩርፍ ብሎ እንደሚውልም ከዚህ ይገባል።

መክፈቻውን እየዘለልኩ ማየት እችላለሁ?

ቢያንስ በመጀመሪያው ሲዝን አትዝለሉት። የራሚን ጃዋዲ ሙዚቃ ብቻውን መቆየት የሚያስችል ቢሆንም ዋናው ቁም ነገር ካርታው ነው። ካሜራው ከላይ እየበረረ ሲያልፍ ከተሞችና ግንቦች ጥርስ ባላቸው መዘውሮች እየተሽከረከሩ ከመሬት ይወጣሉ። የሚወጡት ቦታዎች ታሪኩ እንደሚሄድበት በየክፍሉ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ኪንግስ ላንዲንግ የሚባለው ዋና ከተማ ከዊንተርፌል የቱን ያህል እንደሚርቅ፣ ስደተኞቹ ያሉበት የባሕር ማዶው ምድር በየት በኩል እንደሆነ ሳታጠኑት ዓይናችሁ ይይዘዋል። የተዋንያኑ ስም ሲወጣም አጠገቡ የቤተሰቡ አርማ አለ፤ ተኩላ ካለበት የስታርክ ሰው ነው።

አንድ የሚያመልጥ ነገር ልጨምር። በመክፈቻው መካከል ፀሐይን የሚዞሩ የብረት ቀለበቶች ብልጭ እያሉ ያልፋሉ። ቆም አድርጋችሁ ብትመለከቱ ከላይ ያወራነው የኋላ ታሪክ ተቀርጾባቸዋል፤ እንስሳቱ በድራጎኑ ላይ ይነሣሉ፣ በመጨረሻም ሁሉም ለአጋዘኑ ይንበረከካሉ። ይህ መክፈቻ በ2011 የኤሚ ሽልማት አግኝቷል።

ድራማው ከመጽሐፉ በምን ይለያል?

ቅደም ተከተሉን አስቀድሜ ልናገር። የመጀመሪያው ሲዝን የመጀመሪያውን መጽሐፍ በታማኝነት ይከተላል፣ ሁለተኛው ሁለተኛውን። ሦስተኛው መጽሐፍ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ሲዝን ተከፍሏል። አምስተኛው ሲዝን አራተኛውንና አምስተኛውን መጽሐፍ ቀላቅሎ ይወስዳል፤ ብዙም ይጥላል። ከስድስተኛው ጀምሮ ድራማው በአመዛኙ የራሱን መንገድ ይሄዳል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጥቃቅኑ ልዩነት ነው። በመጽሐፉ ከተሰደዱት የታርጋርየን ልጆች አንዷ ዴኔሪስ 13፣ ጆንና ሮብ 14 ዓመታቸው ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሁሉንም አሳድጓቸዋል፣ ደግ አደረገ። በመጽሐፉ የታርጋርየኖች ዓይን ሐምራዊ ነው፤ ሌንስ ተሞክሮ ተትቷል። የብረቱ ዙፋንም በመጽሐፉ ከሰው ቁመት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ በደረጃ የሚወጣ፣ አስቀያሚ የሰይፍ ክምር ነው፤ የቴሌቪዥኑ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ወንበር ነው።

እነዚህ ግን ትንንሾቹ ናቸው። ዋናው ልዩነት ታሪኩ በማን ዓይን ይታያል የሚለው ነው። በመጽሐፉ እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ ሰው ስም ተሰይሟል፤ ያ ሰው ያላየውን አንባቢውም አያይም፣ ያልገባውም አይገባውም። ከመግቢያው በቀር የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚታየው በስምንት ሰዎች ዓይን ሲሆን ስድስቱ ከስታርክ ቤት ናቸው። ንጉሡም ሆነ ንግሥቲቱ የራሳቸው ምዕራፍ የላቸውም።

ለማነጻጸር የመጀመሪያውን ክፍል አንድ ትዕይንት ውሰዱ። ኔድ ስታርክ ከግንቡ ዘብ የከዳ አንድ ሰው በሞት እንዲቀጣ ፈርዷል፤ የፈረደ ሰው ሰይፉንም ራሱ ሊያነሣ ይገባዋል ብሎ ስለሚያምን ፍርዱን በገዛ እጁ ይፈጽማል። ትንሹ ልጁ ብራን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲያይ ተወስዷል። ጆን ጎንበስ ብሎ ዓይንህን ወደ ሌላ እንዳትመልስ፣ ብትመልስ አባታችን ያውቃል ይለዋል። በቴሌቪዥኑ የምናየው የብራንን ፊት ነው፤ ጭንቅላቱ ሲቆረጥ ልጁ ፍንክች አይልም፣ ትዕይንቱም በክብር ይዘጋል። በመጽሐፉ ግን የምንቆመው በሰባት ዓመቱ ብራን ጫማ ውስጥ ነው። ጭንቅላቱ ተንከባሎ ቴዎን እግር ሥር ይደርሳል፤ ቴዎንም ስቆ በጫማው ይመታዋል። ይህች አንዲት ድርጊት በቴሌቪዥኑ የለችም። አንባቢው ስለ ቴዎን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ጥርጣሬ ይገባዋል፤ ተመልካቹ ግን ጨዋ ወጣት ያያል። እኔ የመጽሐፉን አቀራረብ እመርጣለሁ፤ የቴሌቪዥኑ ቴዎንም የራሱ ጥቅም እንዳለው ግን ሁለተኛውን ሲዝን ስታዩ ትፈርዳላችሁ።

ቴሌቪዥኑ የሚያሸንፍበትም ቦታ አለ። በአምስተኛው ክፍል ንጉሡና ንግሥቲቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ወይን እየጠጡ ይነጋገራሉ። ንጉሡ መንግሥቱን አንድ አድርጎ የያዘው ምን እንደሆነ አላውቅም ሲል ንግሥቲቱ ትዳራችን ነው ትላለች፤ ሁለቱም ከልብ ይስቃሉ። ከዚያ ሳቁ ይቆማል። 17 ዓመት የኖሩት ሕይወት በጥቂት ደቂቃ ይዘረገፋል። ይህ ትዕይንት በመጽሐፉ የለም፤ ሊኖርም አይችልም፣ በክፍሉ ውስጥ አንባቢው ዓይኑን የሚዋሰው ሰው የለምና። በመጀመሪያው ሲዝን አንዳንድ ክፍሎች ከሚፈለገው ሰዓት አጥረው ስለተገኙ አዘጋጆቹ ሁለት ሰው ብቻ የሚነጋገርባቸውን፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ትዕይንቶች እየጻፉ ይጨምሩ ነበር። በእኔ ግምት የድራማው ምርጥ ነገር ከዚህ የገንዘብና የሰዓት እጥረት የተወለደ ነው።

ገንዘቡ ሌላም ነገር አድርጓል። በዚያው ሲዝን አንድ ትልቅ ጦርነት ሊጀመር ሲል ከዋናዎቹ ሰዎች አንዱ ተመትቶ ራሱን ይስታል፤ ሲነቃ ጦርነቱ አልቋል። በመጽሐፉ ይኸው ሰው ጦርነቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዋጋል። ሁለተኛው ሲዝን ላይ አንድ ሙሉ ክፍል ለአንድ ጦርነት ተሰጠ፤ ድርሰቱን የጻፈውም ራሱ ማርቲን ነው።

ሦስት ክፍል አይቼ አልያዘኝም። ልተወው?

እስከ አምስተኛው ታገሡ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት በአብዛኛው ሰው ማስተዋወቂያ ናቸው። አሁን የነገርኳችሁ የንጉሡና የንግሥቲቱ ትዕይንት ካልያዛችሁ ግን ያለ ጸጸት ተዉት፤ ድራጎን ይታደገዋል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሁሉንም ለማየት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

8 ሲዝን፣ 73 ክፍል፣ በድምሩ ወደ 70 ሰዓት። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሲዝኖች አሥር አሥር ክፍል አላቸው፤ ሰባተኛው ሰባት፣ ስምንተኛው ስድስት ነው። በቀን ከሁለት ክፍል በላይ ማየትን አልመክርም፤ ስሙም ፊቱም ይደበላለቃል።

የግርጌ ጽሑፍ ያስፈልገኛል?

እንግሊዝኛችሁ ጥሩ ቢሆንም ክፈቱት። የስታርክ ሰዎች በሰሜን እንግሊዝ አነጋገር ነው የሚናገሩት፤ ፊልም ላይ ከለመድነው አሜሪካዊ አነጋገር ይርቃል። ከሁሉም በላይ ስሞቹን በጽሑፍ ማየት ለጀማሪ ትልቅ እርዳታ ነው።

ሌላ የሚያጋጥም ችግር አለ። ባሕር ማዶ ያሉት ሰዎች የሚነጋገሩት ዶትራኪና ቫሊሪያን በሚባሉ፣ የቋንቋ ባለሙያው ዴቪድ ጄ. ፒተርሰን ለድራማው ባዘጋጃቸው ቋንቋዎች ነው። በመደበኛው ሥርጭት የእነዚህ ትርጉም ከምስሉ ጋር ይመጣል። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ በኖረ ቅጂ ግን ትርጉሙ ተቆርጦ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ተመልካቹም ሆን ተብሎ እንዳይገባው የተደረገ ይመስለዋል። ፈረሰኞቹ ረጅም ንግግር አድርገው አንዲት የግርጌ መስመር ካላያችሁ ቅጂውን ቀይሩ።

ከቤተሰብ ጋር ማየት ይቻላል?

አይቻልም። ድራጎን ስላለበት የልጆች ተረት የመሰላቸው ወላጆች አሉ፤ ድራማው ለአዋቂ ብቻ የተሠራ ነው። ግድያው በቅርብ ይታያል፤ እርቃንና የመኝታ ቤት ትዕይንት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሲዝኖች ይበዛል፣ አንዳንዱም ለታሪኩ ሳይሆን ለመታየት ብቻ የገባ ነው። በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚታይባቸው ትዕይንቶችም አሉ፤ በ2015 የተላለፈው አምስተኛው ሲዝን በዚህ የተነሣ ከባድ ትችት ገጥሞታል፣ ትችቱም ተገቢ ነበር። እናትና አባት ሳሎን ተቀምጠው ቡና በሚጠጡበት ሰዓት የመጀመሪያውን ክፍል መክፈት ለማንም አይበጅም። እንዲህ ያለውን ነገር ማየት የማይፈልግ አዋቂም ቢተወው አይወቀስም።

አስቀድሞ ታሪኩን የሚነግረኝ ሰው እንዳያጋጥመኝ ምን ላድርግ?

የማንንም ገጸ ባሕርይ ስም ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ። ስሙን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ የመፈለጊያው ሳጥን ራሱ «ሞት» ብሎ ይጨርስላችኋል። ቪዲዮም አትክፈቱ፤ የሽፋኑ ፎቶ ብቻ ይበቃል። የተዋናዩን ስም ማወቅ ከፈለጋችሁ በየክፍሉ መጨረሻ የሚወጣውን ዝርዝር አንብቡ። ቤተሰቦቹን በወረቀት ላይ እየጻፋችሁ መያዝ ደግሞ ከማንኛውም ድረ ገጽ ይሻላል።

መጽሐፉን ያነበቡ ወዳጆቻችሁን በተመለከተ፣ የሚያስቀናው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በ2013 በተላለፈ አንድ ክፍል የሚሆነውን ነገር አንባቢዎች በ2000 ከታተመው መጽሐፍ ያውቁት ነበር። ያን ምሽት ብዙዎቹ ካሜራቸውን አዘጋጅተው ተቀመጡ፤ የሚቀርጹት ግን ቴሌቪዥኑን አልነበረም። መጽሐፉን ያላነበቡ ጓደኞቻቸውን፣ ወንድሞቻቸውንና ሚስቶቻቸውን ነበር። እነሱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለብቻቸው ገጹ ላይ የደረሰባቸውን ነገር በሌላ ሰው ፊት ላይ እንደገና ለማየት ፈለጉ። ያ አለማወቅ አሁንም በእጃችሁ ነው፤ አሳልፋችሁ አትስጡት። ስለዚህ አብሯችሁ የሚያየው ሰው ማንበቡን ካወቃችሁ ከፊት ለፊታችሁ አስቀምጡት እንጂ ከጎናችሁ አይሁን፤ ጠቃሚ ትዕይንት ሊመጣ ሲል ዞር ብሎ ያያችኋል፣ እሱም ራሱ ምስጢር ማውጣት ነው።

ድራማው ከመጽሐፉ የቀደመው ለምንድን ነው?

ማርቲን ሰባት መጽሐፍ አቅዶ የታተሙት አምስቱ ናቸው። የመጀመሪያው በ1996፣ አምስተኛው በጁላይ 2011፣ የመጀመሪያው ሲዝን በተጠናቀቀ ማግሥት ወጣ። ስድስተኛው እስካሁን አልታተመም። ቴሌቪዥኑ በየዓመቱ አዲስ ሲዝን ማቅረብ ነበረበት፤ ደራሲው ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። የመጨረሻዎቹን ዋና ዋና መዳረሻዎች ለአዘጋጆቹ ነግሯቸዋል፤ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ግን የጠረጉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከስድስተኛው ሲዝን በኋላ አንባቢውም እንደ እናንተ ጀማሪ ነበር።

መጨረሻው መጥፎ ነው ይባላል። ታዲያ ለምን ልጀምር?

በሜይ 2019 የመጨረሻው ክፍል ሲተላለፍ በአሜሪካ ብቻ በዚያ ምሽት 19.3 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። ስምንተኛው ሲዝን እንደገና ይሠራልን ብለው የፈረሙትም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በሌላ በኩል ያው ሲዝን የዓመቱ ምርጥ ድራማ ተብሎ ኤሚ ተሸልሟል። ሁለቱም ወገን የሚናገረው እውነት አለው።

በእኔ አስተያየት የተበላሸው የሆነው ነገር ሳይሆን የሆነበት ፍጥነት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ንጉሡ ከዋና ከተማው ዊንተርፌል ሲደርስ ንግሥቲቱ አንድ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነበርን ብላ ታማርራለች። ያ አንድ ወር ታሪኩን ይሠራ ነበር፤ መልእክት ይዘገያል፣ ሰው መንገድ ላይ ይያዛል፣ ወሬ ተጣሞ ይደርሳል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሲዝኖች ግን ያንኑ ርቀት ሰዎች በሁለት ትዕይንት መካከል ያቋርጡታል። የልባቸው ለውጥም እንደ እግራቸው ፈጠነ። ይህ ሆኖ ከመጀመሪያዎቹ አራት ሲዝኖች፣ ከእነዚያ 40 ክፍሎች ጋር የሚወዳደር የቴሌቪዥን ፋንታሲ ብዙ አላየሁም። ለእነሱ ሲባል መጀመር ያዋጣል።

አንድ ተግባራዊ ምክር፦ የስምንተኛውን ሲዝን ሦስተኛ ክፍል ቀን ላይ፣ መስኮት ከፍታችሁ አትዩት። ሙሉው በሌሊት ጨለማ የሚካሄድ 82 ደቂቃ ነው፤ ሲተላለፍም ምንም አልታየንም የሚል አቤቱታ አስነሥቷል።

«ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን»ን አስቀድሜ ብጀምርስ?

ታሪኩ 170 ዓመት ያህል ቀደም የሚል ስለሆነ ምንም አያግዳችሁም፤ ማርቲን በ2018 ባሳተመው የታርጋርየኖች ዜና መዋዕል ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁንና ዋናውን አስቀድሙ። በ2022 የጀመረው ይህ ድራማ ተመልካቹ ዙፋኑንና ቤተሰቡን ያውቃል ብሎ ስለሚነሣ ማብራሪያ አያበዛም። በመጀመሪያው ሲዝን መካከል ደግሞ አሥር ዓመት ድንገት ያልፍና ዋና ዋናዎቹ ሴቶች በሌሎች ተዋንያን ይተካሉ። ይህን ሳያውቅ ስድስተኛውን ክፍል የከፈተ ሰው አዲስ ሰዎች የመጡ ይመስለዋል።

ካየሁ በኋላ መጽሐፉን ላንብብ? ከየት ልጀምር?

አንብቡ፤ ከመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሩ። ድራማው የቆመበትን ተከትሎ ስድስተኛ መጽሐፍ ስለሌለ «ካቆምኩበት ልቀጥል» የሚባል ነገር የለም። ደግሞም በተለይ በኋለኞቹ መጽሐፎች በቴሌቪዥን ጨርሶ ያልታዩ ሰዎች ይበዛሉ። የሚያመቸው ጊዜ በእኔ ግምት ከአራተኛው ሲዝን በኋላ ነው፤ ፊቶቹን ስለምታውቁ ስሙ አያስቸግራችሁም፣ ድራማውም ገና ከመጽሐፉ አልተለየም።

እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም፤ የጦር መሣሪያ፣ የፈረስ ዕቃና የምግብ ስም ግን ይበዛል። የግብዣ ምግብ ዝርዝር ሲመጣ መዝገበ ቃላት ሳታነሡ እለፉት፤ ማርቲን ምግብ መዘርዘር ይወዳል። አራተኛውና አምስተኛው መጽሐፍ በአብዛኛው በአንድ ጊዜ የሚሆነውን ታሪክ በቦታና በሰው ከፍለው የያዙ ናቸው፤ አንድ የምትወዱት ሰው በአራተኛው ውስጥ ከጠፋባችሁ ገጹን ወደፊት እየገለጣችሁ አትፈልጉት፣ አምስተኛው ላይ ይጠብቃችኋል። ከየመጽሐፉ ጀርባ ደግሞ የቤተሰቦች ዝርዝር አለ። ዘመዳሞችን ለመለየት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሟቹን ከነአሟሟቱ ስለሚጽፍ ማየት ያለባችሁ ከምታነቡት መጽሐፍ በፊት ያለውን ነው፣ የያዛችሁትን ጨርሳችሁ እስክትዘጉ ድረስ የእሱን አትንኩት።